ሁለት ጊዜ የመጣው አውሮፕላን

አውሮፕላንን መጀመሪያ ያየሁት ከላይ ወደ ታች ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ አንኮበርን የሚያውቅ ግን አይስቅም። የእናቴ ወላጆች ቤት ከገደሉ አፋፍ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ቆላው በሙሉ ከእግራችን በታች ተዘርግቶ ይታያል። ስድስት ዓመቴ ነው። ከወንድሜ ጋር አፋፉ ላይ ቆመን ሳለ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ከበታቻችን እያጓራ አለፈ። ጀርባውንና ሁለት ክንፎቹን አየሁ። የወንድሜን እጅ ይዤ «ሆዱስ ምን ይመስላል?» አልኩት። ልጅ ነኝ፣ ሌላ የምጠይቀው ጠፍቶኝ ነው። እሱ ግን እንደ ቁም ነገር ይዞት «አይቼ እነግርሻለሁ» አለኝ።

ወንድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኝ ነበር። በከተማችን በደብረ ብርሃን ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሰ ቢሾፍቱ ወርዶ አየር ኃይል ገባና የአውሮፕላን መካኒክነት መማር ጀመረ። ዘመኑ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ፈቃዱ ሲመጣ ከኪሱ በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ትንሽ ሆኖ ሳለ ከበደኝ። ድፍን ብረት ነበር፤ የከተማችን ብርድ ገብቶበት እጄን አደነዘዘኝ። «ገልብጪው» አለኝ። ገለበጥኩት። ጀርባው አረንጓዴና ቡናማ፣ ሆዱ ግን ሰማያዊ ነው። ከታች ሆኖ የሚተኩስበት ሰው ሰማይ መስሎት እንዲያልፈው ነው ብሎ አስረዳኝ። እኔ የጦርነቱን ነገር አልሰማሁትም። አፋፉ ላይ የጠየቅሁትን ይህን ያህል ጊዜ ሳይረሳው በመቆየቱ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

እንዲህ ሆኖ ነው የጦር አውሮፕላን ሰብሳቢ የሆንኩት። በአራት ዓመት ውስጥ ሰባት ደረሱልኝ። ወንድሜ ፈቃድ ሲያገኝ ራሱ ያመጣል፤ ካላገኘ ከፒያሳ ሱቆች ገዝቶ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይልካል። ሾፌሩ በራችን አጠገብ ሲደርስ ጥሩንባውን ሁለት ጊዜ ይነፋል፣ እኔ ደግሞ ያለ ጫማም ቢሆን እሮጣለሁ። ለሁሉም ስም አውጥቼላቸው ነበር። «ባለ አራቱ» ክንፉ ላይ አራት ፕሮፔለር ነበሩት፤ እፍ ስትይባቸው ይሽከረከራሉ። «ድርቡ» አንዱ ክንፍ በአንዱ ላይ የተደረበ ነው። «አንካሳው» ሲመጣ ጎማው ወልቆ ስለ ነበር ወንድሜ ከሰርዲን ቆርቆሮ ቆርጦ ሠራለት፤ ግን ከዚያ በኋላ እያነከሰ ቀረ። ከሁሉም የምወደው «አፈ ክፍት» ያልኩት ነበር። ፕሮፔለር የለውም፣ ጄት ነው፤ መላ አካሉ ብርማ ሆኖ አፍንጫው ላይ እንደ ተከፈተ አፍ ክብ ቀዳዳ አለው። ወንድሜም ከሁሉ እሱን ይወድ ነበር፤ ቢሾፍቱ በየቀኑ ቡሎናቸውን የሚያጠብቅላቸው እውነተኞቹ እንደዚያ ያሉ ነበሩና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ይዞ «ይኼ የኔ ነው፣ አንቺ ጠባቂው ነሽ» ይለኛል።

የትምህርት ቤት ጓደኞቼ «ጄኔራሏ» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። እኔም የዋዛ አልነበርኩም። ስስታም ነበርኩ፣ ቶሎም እቆጣለሁ። አንድ ሰው አንዱን አንሥቶ ቀለሙን ቢልጥብኝ ሳምንት አላናግረውም። በተለይ አንድ ዓይነት ሁለት እንዲኖረኝ አልፈልግም ነበር። ወንድሜ ይህን ስለሚያውቅ በመጣ ቁጥር አንድ ሥራ ነበረን። አውሮፕላኖቹን በተራ ወረቀት ላይ እያስተኛ ዙሪያቸውን በእርሳስ ይከባል፣ ከሥሩ እኔ ያወጣሁትን ስም ይጽፋል፣ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል። «በድጋሚ ያንኑ ባመጣ ከቤት ታባርሪኛለሽ» እያለ ይስቃል። ሱቅ ሲገባ ወረቀቱን አውጥቶ መስኮቱ ላይ ከተደረደሩት ጋር እያስተያየ ይገዛ እንደ ነበር ሾፌሩ ነግሮኛል።

አባቴ ባና ሠሪ ነበር፤ ከበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ይሠራል። ቤታችን ጠጉር ስለማይጠፋበት አውሮፕላኖቼን አንድ በአንድ በጠጉር ጠቅልዬ በእንጨት ሣጥን አስቀምጣቸው ነበር። አባቴ ወደ ሣጥኑ ዞር ብሎ አያውቅም። በጣልያን ጊዜ ታላቅ ወንድሙ እያረሰ ሳለ ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ ከነበሬዎቹ ገድሎታል፤ አባቴ የማሳው ዳር ቆሞ አይቷል። ልጁ ቢሾፍቱ ሲገባ አልከለከለውም፣ ግን አልመረቀውምም። እኔ ረስቼ አንዱን መሬት ላይ ከተውኩት በእግሩ እንኳ አይነካውም፤ «አንሺልኝ ያንን» ይልና እስካነሣው ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ስንት አውሮፕላን እንዳለ፣ የትኛው ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር።

ወንድሜ ከእናቴ አልተወለደም። የመጀመሪያዋ ሚስት ሞታ እናቴ እዚያ ቤት ስትገባ አራት ዓመቱ ነበር። እኔ እስክወለድ ስድስት ዓመት ሙሉ የእሷ ልጅ እሱ ብቻ ነበር። «እምዬ» ነበር የሚላት። ካደገም በኋላ ከቢሾፍቱ ሲመጣ ወታደርነቱን ረስቶ ጉልበቷ ላይ ራሱን ያስደግፋል፤ እሷም ቅማል የምትፈልግ መስላ ፀጉሩን ትደባብሰዋለች። ይህን ሁሉ እያየች የማታምን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም የሟች እናቱ እህት፣ ጎረቤታችን ናት። ልጁ ቢያስለው፣ ቢከሳ፣ ጫማው ቢቀደድ «ምን ይደረግ፣ የእንጀራ እናት» ትላለች። እናቴ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። በእኔና በእሷ መካከል ሦስት ተወልደው ሦስቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል፤ የሁለቱ ሞት የእናቴ ወተት በመድረቁ ነበር። ስለዚህ ይህቺን ሕፃን ለማትረፍ ቤቱ ሁሉ ተነሣ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የበግ መረቁ ለእናቴ አንድ ጊዜም አይቋረጥም። ማንም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲናገር አይፈቀድም።

ሕፃኗ በተወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወንድሜ ቢሾፍቱ ሞተ። ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን ብቻ ነው የተኛው።

ወሬውን ለአባቴ ያመጣለት ያው ሾፌር ነው። አባቴ ለእናቴ «ባና ልሸጥ አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ» ብሏት ሄደ፤ ልጁን ቀብሮ ተመለሰ። ለአራስ መርዶ አይነገርም። ደንግጣ ወተቷ ይደርቃል፣ ራሷም ትታመማለች ይባላል፤ በእናቴ ላይ ደግሞ ይህ ተረት አልነበረም፣ የሆነ ነገር ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነውና አባቴ፣ የንስሐ አባታችንና ሽማግሌዎቹ ተማክረው እስከ ክርስትናው ማግስት ሊደብቁት ቆረጡ። አክስቲቱም አፏን እንድትይዝ አስማሏት። እኔም እንዳላውቅ ተደረገ፤ ልጅ ሚስጥር አይይዝም ብለው። ይህን ሁሉ የተረዳሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያስተዋልኩት አባቴ ጥቁር የማይለብስ፣ የማያለቅስ፣ የማይጫወትም ሰው ሆኖ ከጠዋት እስከ ማታ ከሸማኔ ጉድጓዱ አለመውጣቱን ነው። ዓይኑ ቀልቶ ሳየው «የጠጉሩ ብናኝ ነው» አለኝ።

ወሩ አልፎ ሁለተኛው ሲጋመስ እናቴ መጠየቅ ጀመረች። «ምነው ልጄ ዝም አለ? እህት ተወልዳለት አንዲት ነገር አይልክም?» አባቴ ሥራ በዝቶበት ነው አላት። ደብዳቤ አስመስሎ እንዳያጽፍ አንባቢዋ እኔ ነኝ፤ የወንድሜን ጽሕፈት ከሩቅ አውቃለሁ። እናቴ ምግቡን ገፋ ማድረግ ጀመረች። ሕፃኗም ወተት አንሷት ስታለቅስ ትውል ጀመር። አባቴ እንደገና ባና ተሸክሞ አዲስ አበባ ሄደ። በተመለሰ በሦስተኛው ቀን አውቶቡሱ በራችን አጠገብ ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ነፋ።

ሮጥኩ። ሾፌሩ ዕቃውን በመስኮቱ አቀበለኝ እንጂ እንደ ወትሮው አልቀለደብኝም። «ወንድምሽ ነው የላከው፣ ሥራ ላይ ነው፣ ደኅና ነው» አለና ወዲያው መኪናውን አንቀሳቀሰ። እየዘለልኩ እናቴ የተኛችበት ጓዳ ገባሁ። አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ወረቀቱን ቀደድኩት። ብርማ አውሮፕላን ነው፣ አፍንጫው ላይ ክብ ቀዳዳ አለው።

«ይኼማ አለኝ!» ብዬ ጮህኩ። ጮህኩ ነው የምለው፤ ስስታምና ቁጡ ልጅ እንደሚጮኸው። ሣጥኔን ጎትቼ አፈ ክፍትን ከጠጉሩ አወጣሁና ሁለቱን አልጋው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። «እዪ እማዬ፣ ያው ነው! እንዴት ይሳሳታል? ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነው። ሁልጊዜ እያየ ነው የሚገዛው። ረሳኝ ማለት ነው።»

እናቴ ሁለቱን አውሮፕላኖች አነሣች፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። ብዙ አየቻቸው። «ወረቀቱን ጥሎት ቢሆንስ?» አለችኝ በቀስታ። «ይኼን እንኳ ያለ ወረቀት ያውቀዋል፤ የኔ ነው የሚለው እኮ ነው» አልኳት። ከመጋረጃው ወዲያ የአባቴ መወርወሪያ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። እናቴ ወደ መጋረጃው ተመለከተች፣ ከዚያ ወደ እኔ። ከንፈሯ ነጭ ሆነ። ወዲያው ድምጿን ከፍ አድርጋ «እሰይ የኔ ልጅ! አዲስ ነው፣ እንዲህ ያለ አልነበራትም፣ ደስ ብሏት ነው የምትጮኸው» አለች። እኔን በክንዴ ስባ ጆሮዬ ላይ «አለኝ እንዳትዪ። ለአባትሽ አዲስ ነው በያቸው» አለችኝ። መወርወሪያው እንደገና መሄድ ጀመረ። ሕፃኗ አለቀሰች፣ እናቴም ጡቷን አወጣችላት።

በዚያን ቀን አልገባኝም። ለአባቴ አዲስ ነው አልኩት፤ እሱም «እሰይ» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። በሦስተኛው ቀን እናቴ አውሮፕላኖቹን ሁሉ አምጪ አለችኝ። አንድ በአንድ እያነሣሁ ወንድሜ ሲሰጠኝ ምን እንዳለ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ምን ለብሶ ነበር? ጢሙን ተላጭቶ ነበር? ሲሄድ ዞሮ አይቷል? እየነገርኳት ሳለ እንባዋ ሕፃኗ ራስ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች። ድምፅ የላትም። «ምን ሆነሻል?» አልኳት። «ዓይኔን ብርድ መታኝ» አለችኝ። ያኔ ገባኝ፤ ወንድሜ የለም፣ አውሮፕላኑን የገዛው አባቴ ነው። ተነሥቼ ከቤቱ ጀርባ ሄድኩና ጠጉር አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ።

ሰላሳ ቀን እንዲህ ኖርን። አባቴ ከእኛ ይደብቃል፣ እኛ ከእሱ እንደብቃለን። እናቴ ገንፎውን በግድ ትውጠዋለች። አንዳንዴ ማንኪያውን አፏ ውስጥ ከታ ትቆያለች፤ ከዚያ ሕፃኗን አይታ ትውጣለች። አባቴ ገበያ በወጣ ቁጥር «አምጪያቸው» ትለኛለች። እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ሲመለስ ፊቷን ታጥባ ትጠብቀዋለች። ወተቷ አልደረቀም። እንዴት እንዳልደረቀ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሷ ግን እምቢ ስላልኩት ነው ትል ነበር።

ክርስትናው ደረሰ። ሕፃኗ ወፍራም፣ ቀይ ሆና ተጠመቀች። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ በራችንን አንኳኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ ግቢውን ሞልቶታል። ቄሱ «ልጅሽ አርፏል፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት። አባቴ ያን ሁሉ ቀን ያፈነው ፈንድቶ መሬት ላይ ወደቀ። ሴቶቹ እናቴን ለመያዝ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ እንዲህ ባለ ሰዓት እናት ራሷን መሬት ላይ ትፈጠፍጣለች፣ ፊቷን ትቧጭራለች፣ መያዝ አለባት። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ተቀመጠች። «እሺ» አለች።  የተዘረጉት ክንዶች አንድ በአንድ ወደ ነጠላቸው ሲመለሱ አየሁ።

አክስቲቱ ደረቷን እየደቃች መሐል ገባችና «አልወለደችውማ! አልወለደችውም! የወለደችው ብትሆን እንዲህ ትቀመጥ ነበር?» ብላ ጮኸች። ማንም ዝም በይ አላላትም። አባቴ ከመሬት ቀና ብሎ የእናቴን ደረቅ ፊት አየ። ያን አስተያየት እኔም አየሁት። ሄጄ በመካከላቸው ቆሜ ታውቅ ነበር ማለት ነበረብኝ። አልሄድኩም። ፈራሁ።

ሳምንቱ ሲያልፍ ለእናቴ «ለምን አታለቅሺም? ሰው ምን እንደሚል እየሰማሽ?» አልኳት። «ለማስመሰል ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። አልቆብኝ ነበር» አለች። ለአባባ ልንገራቸው ስላት እንደዚያ ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። «አባትሽ ያን ሁሉ ቀን ሐዘናቸውን የዋጡት ለእኔና ለዚህች ልጅ ብለው ነው። ከንቱ ነበር ልበላቸው? በገዛ እጅዎ ገዝተው ነገሩኝ ልበላቸው? ተዪ። እኔን ይጥሉኝ።» አስማለችኝ፤ እኔም ማልኩ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልሰደባትም፣ አልመታትም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ የልጁን ስም በፊቷ አንሥቶ አያውቅም። ስለ እሱ ማውራት ሲፈልግ ወደ አክስቲቱ ቤት ይሄዳል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሲሄድ ታየዋለች። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው ክረምት ሳል ያዛት፤ መስቀልን ሳታይ ሞተች።

አርባዋ በወጣ ሰሞን አባቴና እኔ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ጠጉር እንለቅም ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አባቴ እንደ ዘበት «ነፍሷን ይማር፣ ደግ ሴት ነበረች» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ልጄን ግን አልወደደችውም» አለ።

መሐላዬን አፈረስኩ። «እማዬ ታውቅ ነበር» አልኩት። «መርዶው ሊነገራት ሰላሳ ቀን ሲቀረው አውቃለች።»

«ማን ነገራት?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ» አልኩት፤ ከዚያ ሁሉንም አፈሰስኩት። ወረቀቱን፣ ሁለቱን አውሮፕላኖች፣ ጆሮዬ ላይ ያለችኝን፣ እሱ ገበያ ሲወጣ የምናደርገውን። እየጮህኩ ነበር መሰለኝ። አባቴ እጁ ጠጉሩ ውስጥ እንደ ተቀበረ ቀረ።

«የሱቁ መስኮት ላይ ብዙ ነበሩ» አለ በመጨረሻ። «እኔ እነዚያን ነገሮች ማየት አልችልም፣ ታውቂያለሽ። ሁለት ጊዜ ትቼ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ባለ ሱቁ ምን ጠፋብህ አለኝ። ከዚያ ልጄ እዚህ ቆሞ ቢሆን የትኛውን ያነሣ ነበር ብዬ ብዙ አሰብኩ። እሱ የሚያነሣውን ነው ያነሣሁት።»

 ከዚያ ሳያየኝ «አለቀሰች አልሽኝ?» አለ።

«አለቀሰች።»

«ለእሱ?»

«ለእሱ ነው እንጂ፣ አባባ።»

«እንዴት ብላ?»

ነገርኩት። እንባዋ ሕፃኗ ራስ ላይ እንዴት ይንጠባጠብ እንደ ነበር፣ በነጠላዋ ጫፍ እንዴት እንደምትጠርገው፣ ሲሄድ ዞሮ አይቷል ወይ ብላ እንደምትጠይቀኝ ነገርኩት። ስጨርስ «እንደገና ንገሪኝ» አለኝ።